የዘንድሮ ሁመር

የላክህልኝ የደረቀ ሁመር ትናንት ከቀትር በኋላ ደረሰኝ። ማሰሪያውን ስፈታ ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ እንደ ጠጅ አንቡላ የቦካ፣ እንደ ርጥብ ቆዳ የከበደ፣ ከሥሩም ጭስ ጭስ የሚል። ወረቀቱን መልሼ ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ መነጽሬን አድርጌ፣ አንዱን ጉማጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቤ መረመርሁት። ያምና ነው። ጠርዙ ጠቁሯል፤ ክሩ ደርቋል፤ ጨው እንደ አመዳይ ላዩ ላይ ወጥቷል። ሻጩ የዘንድሮ ነው ብሎህ ከሆነ ዋሽቶሃል። ይህን የምለይ ሰው ነኝ። ባልለይ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁልህ ነበር።

ሐኪሜ ለሆዴ ድርቀት ያዘዘልኝን እስከ ድሬዳዋ ፈልገህ ስላገኘህልኝ፣ ልጄ፣ አመሰግናለሁ። በማስታወሻህ ላይ «እንዴት ነው የሚበላው? ጥቅሙስ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የጠየቅኸኝን አስቀድሜ ልመልስ።

ሁመር በቆላ የሚበቅል የትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው። ሽፋኑ ጣት የሚያህል፣ ቡናማ፣ ሲደርቅ በእጅ የሚፈረካከስ ነው። በውስጡ ሙጫ የሚመስል ሥጋ በክር ተተብትቦ ዘሩን አቅፎ ይገኛል። ይህ ሥጋ ከክሩና ከዘሩ ተለይቶ፣ እንዳይበላሽ ጥቂት ጨው ተነስንሶበት፣ እየታሸ ይድቦለቦላል። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለስድስት ሰው ወጥ ይበቃል። ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለህ፤ በጣትህ ታሸዋለህ፤ በንጹሕ ጨርቅ ታጠለዋለህ። ውሃው የምስር ወጥ ሊወርድ ሲል ይጨመራል፤ ቀድመህ ከጨመርኸው ምስሩ አይበስልም፣ እንደ ጠጠር ይቀራል። አዚፋ ላይ በሎሚ ፈንታ ይገባል። በማርና በዝንጅብል ሲበጠበጥ መጠጥ ይሆናል፤ የቡሬ ሙስሊሞች በረመዳን ጾማቸውን የሚፈቱበት ነበር። ትኩሳት የያዘው ሰው ሌላውን ሁሉ ሲመልስ እሱ ይረጋለታል። ሐኪሜ ብረትም ሌላም ማዕድን አለው ይላል፤ እኛ ይህን አናውቅም ነበር። የምናውቀው በጾም የገረጣ ፊት ከሁመር ወጥ በኋላ ደም መምሰሉን ብቻ ነው። ሲበዛ ሆድ ያስሮጣልና ከአንድ ብርጭቆ አትለፍ።

መልሱ ይህ ነው። የቀረውን አልጠየቅኸኝም።

ወደ ነገሩ ያስገባኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። ጠላት አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዳዊት ደግሜ፣ ከአንድ መርጌታ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ተምሬ፣ አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ እናቴ ወዳለችበት ወደ ቡሬ ተመልሼ ነበር። ቡሬ ላይ የጣሊያን ጦር ሰፍሮ፣ ከከተማው የሚወጣ ሰው ሁሉ የይለፍ ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ ስለሚጻፍ ለአማርኛው ጻፊ ተፈለገ። ጠላት የሾመው የአገሩ ሹም በአባቴ በኩል ዘመዴ ነበርና አስጠራኝ። እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። እኛን በሰው አፍ እንዳታስገባን ብላ ለመነችኝ። የምጽፈው የሰው ስምና የሚሄድበትን አገር ብቻ ነው ብዬ አጽናናኋት። በእውነትም የምጽፈው ያን ብቻ ነበር። የጻፍሁት ግን ያምር ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆመው ያዩት ነበር።

ባለ ሁመሯ የምንላቸው ሴት ጎረቤታችን ነበሩ። ሙስሊም ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ የባላቸውን ንግድ ይዘው የቀሩ ሴት ነበሩ። በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ በሁለት አህያ ጨውና በርበሬ ጭነው ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዱና የዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ሁመር ይዘው ይመለሳሉ። በጾሙ ወራት የቡሬ ክርስቲያን ወጡን የሚያኮመጥጠው በሳቸው ሁመር ነበር። ለጾመኛው የሚሆነውን ቅቤና ሥጋ ባልነካው ገበቴ ለብቻው ያሹታል፤ ለብቻው በቅል ያኖሩታል፤ እያንዳንዱንም ድቡልቡል በነጭ የጥጥ ክር ያስሩታል። ለራሳቸው ወገን የሚሸጡት በቃጫ ይታሰር ነበር። ነጭ ክር ያለበትን ማንም ክርስቲያን፣ ቄሶቹም ጭምር፣ ሳይጠይቅ ይገዛል። እናቴ ስትቀልድ፣ እኒህ ሴት ጾማችንን ከኛ ይልቅ ይጠብቁልናል ትል ነበር።

ዘንድሮንና አምናን መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ለበዓል በመጣሁ ቁጥር በግቢያቸው ባለው የወይራ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዘሩን ከሥጋው እንለያለን። ዐይን አይበጅም ይሉኝ ነበር፤ ጭስ ያገኘው ሁሉ ይጠቁራልና። አፍንጫም ጉንፋን ይዞት ይከዳል። ዐይኔን በሻሻቸው ሸፍነው በየተራ ያቀምሱኛል።

«የዘንድሮው መንጋጋህን ይጠራዋል» አሉኝ አንድ ቀን። «ያምናው ምላስህ ላይ ይተኛል። ሌላውን ሁሉ ተወው።»

መጀመሪያ ከሦስቱ ሁለቱን እስት ነበር። በኋላ አንድም አልስትም። ለእናቴ «ይኸ ልጅ ምላሱ ሚዛን ነው» ብለው ነገሯት። መርጌታዬ እንኳ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰጥተውኝ አያውቁም።

በዚያ ዓመት እናቴን ከጥር ጀምሮ ትኩሳት ያዛት። ጾሙ ሲገባ የምትውጠው ሁሉ ይመለስ ጀመር። አፏ ቆስሎ ጨው ሲነካው ታለቅስ ነበር። ባለ ሁመሯ ካምናው ተርፏቸው የነበረውን ነጭ ክር ያለበትን ቅል ጠርገው አምጥተው በጠበጡላት፤ ረጋላት፤ ግን በጨው የታሸ ነበርና አፏን አቃጠላት፤ እሱም በሳምንት አለቀ። አዲሱ ሲመጣ ያለ ጨው አሽላታለሁ አሉኝ። ያለ ጨው የታሸ ሁመር ወር አይቆይም፣ ይሻግታል፤ ስለዚህ ማንም ነጋዴ እንዲህ አያደርግም። በቡሬ ከተማ ያለ ጨው የታሸ ሁመር የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ግን በዚያው በጥር የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ካፒቴኑ ወደ ቆላ መውረድን ፈጽሞ ከለከለ። አርበኞች ዓባይ በረሃ ውስጥ ነበሩ። የባለ ሁመሯ ታናሽ ወንድምም ከነሱ ጋር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። በየካቲት አጋማሽ አንድ ጠዋት ወደ መስኮቴ መጡ። ከጀርባዬ ወታደር ስለ ነበር እንደማያውቀኝ ሰው «ጌታው» ብለው ጠሩኝ። ለሽንዲ ገበያ ይለፍ እንድጽፍላቸው ለመኑ። ሽንዲ ደጋ ነው፣ አልተከለከለም። ጻፍሁላቸው። አህዮቹ የተጫኑትን አላየሁም፤ በትክክል ለመናገር፣ አልተመለከትሁም። ከመሄዳቸው በፊት እናቴን ሊሰናበቱ ገብተው እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። «ትንሽ ታገሺኝ» ብለዋት ነበር።

በመጋቢት ሲመለሱ የከተማው ኬላ ላይ ተፈተሹ። አህዮቹ ላይ ከሽንዲ የተገዛ ሽንብራ እንጂ ሌላ አልተገኘም። በነጠላቸው ጫፍ ግን አንድ የሁመር ድቡልቡል ተቋጥሮ ተገኘ፤ በነጭ ክር የታሰረ። ከየት አመጣሽው ተባሉ። ያምና ነው፣ ለመንገድ የያዝሁት ስንቅ ነው አሉ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ቆመ። ያምና ከሆነ ሴትዮዋ ሽንዲ ውለው ተመልሰዋል፤ ምንም በደል የለባቸውም። የዘንድሮ ከሆነ ግን በረሃ ወርደዋል፤ በረሃ የወረደም ወደ ማን እንደ ወረደ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ለዚህ የሚሰጠውን ቅጣት ልዘረዝርልህ አያስፈልግም። ካፒቴኑ ሕግ አክባሪ ነኝ የሚል ሰው ነበር፤ ማስረጃ ፈለገ። ዕውቀት ያላቸው ነጋዴዎች ይጠየቁ ያለው አስተርጓሚው ነው። ይህ ሰው ከሌላ አገር የመጣ፣ አማርኛን አሳምሮ የሚናገር፣ ግን ማንበብ የማይችል ነበር። በጽሕፈቴ ሁልጊዜ ይቀልድብኝ ነበር።

ዕለቱ ዐርብ ነበር። እኔ ማዕዘኑ ላይ ባለችው ጠረጴዛዬ ተቀምጬ ወረቀት አሰምር ነበር። በጣሪያው ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ የገባ ብርሃን እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ የካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ ወድቋል። ክፍሉ የጫማ ቀለምና የላምባ ሽታ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ በሳሕን ሁለት ሁመር ቀርቧል፤ አንደኛው ለማነጻጸሪያ ከገበያ የመጣ፣ ሌላው ከነጠላው የተፈታው። ክሩ ተፈትቶ ከሳሕኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለ ሁመሯ በበሩ አጠገብ በሁለት ወታደር መካከል ቆመዋል። ሦስት ነጋዴዎች በተራ ተጠየቁ።

የመጀመሪያው ሁለቱንም አሸቶ፣ «ሁመር ያው ሁመር ነው ጌቶች፤ ይኮመጥጣል» አለ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ነበሩ። ከባለ ሁመሯ ባል ጋር ሠላሳ ዓመት ቆላ የወረዱ ሰው ናቸው። «ዐይኔ ደክሟል» አሉ፤ «ምላሴም ከጥርሴ ጋር አብሮ ሄዷል።»

ሦስተኛው እጁን እንኳ አልዘረጋም። «እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ። በርበሬ ቢያመጡልኝ የማን ማሳ እንደሆነ እነግርዎ ነበር።»

ሦስቱም ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን አላውቅም ማለት የአገሩ ሁሉ ጋሻ ነው። መንገዱ ወዴት ይሄዳል ሲባል አላውቅም፤ ይህ ማሳ የማን ነው ሲባል አላውቅም፤ ስምህ ማነው ሲባል እንኳ ጥቂት አስቦ ነው። አገሬው በዚህ አይተማም፤ ይከበርበታል እንጂ። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም ነበርና ወረቀቴን ማስመር ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ካፒቴኑ ሰልችቶት ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህ ልጅ ጎረቤት ነው፣ ይጠየቅ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊታዘዝ የፈለገ መስሎ ለመታየት ያህል ነው። አስተርጓሚው ግን ሳቀ።

«እሱን ተዉት» አለ። «ይኸ ቀለም ይበጠብጣል እንጂ ምን ያውቃል። እናቱ ያጎረሰችውን እንኳ የሚለይ አይመስለኝም።»

ለካፒቴኑም ተርጉሞ ነገረው። ካፒቴኑ ፈገግ አለ። ወታደሮቹም ሳቁ። ሹሙ፣ የአባቴ ዘመድ፣ እሱም ሳቀ።

«እለያለሁ» አልሁ።

ተነሥቼ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ከአርባ ዓመት በላይ ለራሴ በአንድ መልክ ስነግረው ኖሬአለሁ። አየሁት፣ አሸተትሁት፣ የዘንድሮ ነው አልሁ፤ የማን እንደ ሆነ የገባኝ ከተናገርሁ በኋላ ነው፤ እንዲህ ነበር የምለው። ለእናትህም የነገርኋት እንዲህ ነው። ንስሐ አባቴም የሰሙት ይህንኑ ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍልህ ከአጠገቤ አንድ ብርጭቆ ሁመር ተዘፍዝፎ ተቀምጧል፤ ጠዋት የዘፈዘፍሁት ነው፤ ውሃው እንደ ጠላ ጠቁሯል። ሽታው ባለበት በዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ መልክ ልሰጠው አልቻልሁም።

ቀመስሁት። መጀመሪያ የገበያውን ቀመስሁ፤ ጨዉ ቀደመ፣ ከዚያም ኩምጣጤው ምላሴ ላይ ለስለስ ብሎ ተኛ። ያምና ነው አልሁ። ቀጥዬ ሁለተኛውን ቆርሼ አፌ ውስጥ አኖርሁ። መንጋጋዬ ተጠራ። ጨው ግን አልነበረበትም። አንዲት ቅንጣት ጨው አልነበረበትም።

ያን ጊዜ ለማን እንደ ታሸ አውቄአለሁ። ምራቄን እስክውጥ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ሁለቱም ያምና ናቸው ብል፣ ወይም እንደ ሽማግሌው ምላሴ ደክሟል ብል፣ አስተርጓሚው አንድ ጊዜ ይስቅብኝና ነገሩ ያበቃል። ያን ሳቅ መሸከም አቃተኝ።

«ይህኛው የዘንድሮ ነው» አልሁ። ከዚያም ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርሁ፤ «ከተለቀመ ሦስት ሳምንት አይሞላውም።»

አስተርጓሚው መሳቁን ተወ። በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሽማግሌው ነጋዴ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ባለ ሁመሯን ቀና ብዬ አየኋቸው። የተቈጡ አይመስሉም። በወይራው ጥላ ሥር ዐይኔን ሸፍነው ሲያቀምሱኝ ትክክል የመለስሁ ጊዜ እንደሚመለከቱኝ አድርገው ተመለከቱኝ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ።

ወታደሮቹ ክንዳቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲያዞሯቸው፣ የጎረቤት ጉዳይ እንደሚያነሣ ሰው በዝግታ፣ «ለናትህ ሎሚ ፈልግላት» አሉኝ።

ከሥራ ስወጣ ገበያ ዞሬ አራት ሎሚ አገኘሁ። እናቴ በደጃፉ ጸሐይ ላይ ተኝታ ነበር። ሁመሩ አልመጣም ወይ አለችኝ። አልመጣም አልኋት። ሎሚውን ጨምቄ ሰጠኋት፤ ጠጣችው፤ መለሰችው። ሊመሽ ሲል የሰፈር ሴቶች መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሯት። ሦስት ቀን አልተናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሳቀብላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንደመለሰች፣ «ምላስህን ያስተማረችህ እሷ ናት» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ቃል አልወጣትም። እናቴ ዳነች፤ ሃያ ሦስት ዓመትም ኖረች፤ ወጧ ውስጥ ግን ሁመር ዳግመኛ አልገባም። በጾም እንግዳ ሲመጣ፣ ሎሚ ስትቆርጥ፣ ቢላዋው ጣውላውን ሲመታ እሰማው ነበር።

ባለ ሁመሯ በማግሥቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተወሰዱ። በክረምቱ መግቢያ ከእስር የተፈታ አንድ ሰው እዚያ አይቻቸዋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አየሁ የሚል አልተገኘም። ቤታቸው ታሸገ። ከሁለት ወር በኋላም የይለፍ ጽሕፈት ቤቱ ጠበበ ተብሎ ወደዚያው ቤት ተዛወረ። ጠላት ከቡሬ እስኪወጣ ድረስ የተቀመጥሁት እሳቸው ቅላቸውን ይሰቅሉበት ከነበረው ግድግዳ ሥር ነው። ጸሐይ ግድግዳውን ሲያሞቀው ከጭቃው ውስጥ ሽታው ይወጣ ነበር። ወታደሮቹ ምን ይሸታል እያሉ ይጠይቁ ነበር። አላውቅም እላቸው ነበር።

ነጻነት ሲመለስ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው በየቦታው ተፈለገ። በጠላት ዘመን ይለፍ መጻፌ እንደ ነውር አልተቈጠረብኝም፤ ብዙዎች ከዚያ የከፋ ነበራቸው። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ስሙ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ አንድ ደብዳቤ ስሕተት ተገኝቶበት አልተመለሰብኝም።

በሁለተኛው ዓመት የባለ ሁመሯ ወንድም ማመልከቻ ይዞ መጣ። ጎፈሬው እንደ በረሃው ዘመን ነበር፤ በግራ እግሩ ያነክሳል። ቤቱ ከጠላት ወደ መንግሥት ተላልፎ መጋዘን ሆኖ ነበርና እንዲመለስለት ይለምናል። ማመልከቻውን ተቀብዬ ስመዘግብ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ፊቱ በራ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ» አለ። «ያን ጊዜ እኅቴ በረሃ ስትመጣ ስላንተ ነበር የምታወራን» ብሎ አንተ ማለቱን ሳያውቀው ቀጠለ። «ምላሱ ሚዛን ነው ትል ነበር። ለናቱ ብላ ያለ ጨው ስታሽ፣ ይኸ እኮ ይበላሻል ብላት፣ ሳይበላሽ እደርሳለሁ አለችኝ።»

ብዕሬን አስቀመጥሁ። 

ለማስረጃ ምስክር ያስፈልገው ነበር፤ ቤቱ የእኅቱ እንደ ነበረና ጠላት በምን ምክንያት እንደ ወሰደባት የሚያስረዳ። ከሦስቱ ነጋዴዎች ሽማግሌው ሞተዋል፤ የመጀመሪያው አገር ለቋል። የቀረው በርበሬ ሻጩ ነው። ወንድምየው ቡሬ ድረስ ሄዶ ለመነው፤ ያገኘው መልስ ግን እሱ በርበሬ ሻጭ እንደሆነና ስለ ሌላው እንደማያውቅ ብቻ ነው። ጋሻው ከእጁ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። ዕለቱን፣ የክፍሉን አቀማመጥ፣ የተናገርሁትን ቃል፣ የጨመርሁትንም ጭምር። በቁም ጽሕፈት ነበር፤ አንድም ስርዝ የለውም። ለኃላፊዬ አቀረብሁት። ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መልካም ሰው ነበሩ።

«ይህን ብትፈርምበት ቤቱ ለሰውየው ይመለስ ይሆናል» አሉኝ። «አንተ ግን ነገ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም። እኔ አላየሁትም። ወስደህ እደርበት።»

ወስጄ አደርሁበት። ያን ጊዜ እናትህ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። በማግሥቱ ኃላፊዬ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ያ አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት ዛሬም ከጡረታ ደብዳቤዬ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ አለ። አልተፈረመበትም። ስሞት ሣጥኑን የምትከፍተው አንተ ነህና አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ብርጭቆው አሁንም ከአጠገቤ አለ። አልጠጣሁትም።

ውሳኔው በእኔው እጅ ተጽፎ ሲወጣ፣ ወንድምየው ማንበብ ስለማይችል እኔው አነበብሁለት። ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀበለኝና የቡሬ ገበሬዎች ያደርጉት እንደ ነበረው ፊደሉን በጣቱ ዳሰሰው። «ጽሕፈቱስ ያምራል» አለ፤ አጥፎም በኪሱ ከተተው። በሣጥኔ ያለው ቅጂው እንዲህ ይላል፦

«ቤቱ የአመልካቹ እኅት ንብረት ስለ መሆኑና በጠላት ዘመን ያለ አግባብ ስለ መወሰዱ የሚያስረዳ ምስክር ስላልቀረበ፣ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። መዝገቡ ተዘግቷል። ሰኔ ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፭ ዓመተ ምሕረት።»